የማሽን ደረሰኝና ቆዳችን፦ ቢስፌኖል ምንድን ነው? ማንን ሊያሳስብ ይገባል?

ስለ ደረሰኝ ወረቀት ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «ደረሰኝ መንካት ካንሰር ያስይዛል» ይላል። ሌላው «ወረቀት አይደለም እንዴ፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ይርቃሉ። ደረሰኝ መንካት ካንሰር እንደሚያስይዝ ያረጋገጠ ጥናት የለም። በሌላ በኩል ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ገጽ ብዙውን ጊዜ ተራ ወረቀት አይደለም። ቢስፌኖል የሚባል፣ በሆርሞን ሥራ ውስጥ ጣልቃ የሚገባ ኬሚካል ተቀብቶበታል። ኬሚካሉ ከወረቀት ወደ ጣት፣ ከጣት ደግሞ ወደ ሰውነት እንደሚያልፍ በሰዎች ላይ ተለክቶ ታውቋል።

በቀን አንድ ሁለት ደረሰኝ ለሚቀበል ሸማችና ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲቀድ ለሚውል ገንዘብ ተቀባይ ጉዳዩ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ይህን ማብራሪያ ስጽፍ ይበልጥ ያሰብኩት ሁለተኛውን ሰው ነው።

ማሽኑ ቀለም ሳይኖረው እንዴት ያትማል?

የቢሮ ማተሚያ ወይ ፈሳሽ ቀለም ይረጫል ወይ የቀለም ዱቄት ያቀልጣል። የደረሰኝ ማሽን ውስጥ ግን ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቀለሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ከመታተሙ በፊትም እዚያው ነበር፣ አይታይም እንጂ።

ሙቀት ሲያገኘው ስለሚጠቁር ወረቀቱ ቴርማል ወረቀት ይባላል። በአንድ ገጹ ላይ ስስ ልባስ አለው። በልባሱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ደቀው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ገና ቀለሙን ያላወጣ ማቅለሚያ ነው፤ እንዲሁ ሲታይ ነጭ ነው። ሁለተኛው ቀለም አውጪ ነው፤ መጠነኛ የአሲድነት ጠባይ ያለው ኬሚካል ሲሆን ከማቅለሚያው ጋር ሲገናኝ የማቅለሚያውን ሞለኪውል ቅርጽ ይለውጥና ጥቁር ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ሦስተኛው ሁለቱ ቶሎ ቀልጠው እንዲዋሃዱ የሚያግዝ ሰም መሰል ነገር ነው። ወረቀቱ እስካልሞቀ ድረስ ሦስቱም ደረቅ ብናኝ ስለሆኑ ተቀራርበው ቢቀመጡም አይዋሃዱም።

የማሽኑ ማተሚያ ራስ ደቃቅ የማሞቂያ ነጥቦች በመስመር የተደረደሩበት ነው። በብዛት በሚሠራባቸው ማሽኖች በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 8 ነጥቦች አሉ። ወረቀቱ ነጥቦቹን እየነካ ሲያልፍ በፊደሉና በቁጥሩ ቅርጽ ልክ የተወሰኑት ነጥቦች ለቅጽበት ይግላሉ። እዚያ ላይ ያለው ልባስ ቀልጦ ማቅለሚያውና ቀለም አውጪው ይዋሃዳሉ፣ ጥቁር ነጥብም ይወጣል። ማሽኑ እንዲያ የሚፈጥነውና ቀለም መሙላት የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለአሥርተ ዓመታት በብዛት ቀለም አውጪ ሆኖ ያገለገለው ቢስፌኖል ኤ ይባላል፤ በአጭሩ ቢፒኤ። ርካሽ ነው፣ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል።

ቴርማል ወረቀት ደግሞ በደረሰኝ ብቻ አይወሰንም። የኤቲኤም ወረቀት፣ የወረፋ ቁጥር፣ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት፣ የአውሮፕላን መሳፈሪያና የሻንጣ መለያ፣ የፖስታ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ አድራሻ፣ ተመዝኖ የታሸገ ምግብ ላይ የሚለጠፍ የዋጋ መለያ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ወረቀት ይሠራሉ።

ቢፒኤ ምን ዓይነት ኬሚካል ነው?

የቆየ ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ዲያኒን እ.ኤ.አ. በ1891 ሠራው። በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዶድስ እንደ ሴቴ ሆርሞን፣ ማለትም እንደ ኤስትሮጅን፣ የሚሠሩ ሰው ሠራሽ ውህዶችን ሲያፈላልግ ቢፒኤም ይህ ጠባይ እንዳለው ተገነዘበ። ከእሱ እጅግ የበረታ ሌላ ውህድ ስለተገኘ ቢፒኤ መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። ከዚያ በኋላ የወሰደው የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ነው። ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ የብዙ የታሸጉ ምግቦች ጣሳ ውስጡ ሲቀባ የኖረውም እንዲሁ። ይህን ታሪክ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኬሚካሉ ሆርሞን እንደሚመስል የታወቀው በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው።

ሆርሞን በደም እየተዘዋወረ ለአካል ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። እድገት፣ የወር አበባ፣ የዘር ፍሬ፣ የስኳር አጠቃቀም፣ የፅንስ አፈጣጠር፣ ሁሉም በእሱ ይመራሉ። ሆርሞን የሚሠራው በጣም በጥቂት መጠን ስለሆነ እሱን የሚመስል ባዕድ ነገር በጥቂቱም ቢገባ ትእዛዙን ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር የሆርሞን ሥርዓትን የሚያውክ ኬሚካል ይባላል። የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢፒኤን ለመውለድ ችሎታ ጎጂና የሆርሞን ሥርዓት አዋኪ ብሎ ከፍተኛ አሳሳቢ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ደረሰኝ ከፕላስቲክ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በፕላስቲክ ውስጥ ያለው ቢፒኤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሰናስለው ስለሆነ የሚፈልቀው ጥቂቱ ነው። በዳቦ ውስጥ ያለ ዱቄት እጅ ላይ እንደማይቀረው ማለት ነው። ደረሰኝ ላይ ያለው ግን ገና ያልተቦካው ዱቄት ነው፤ ጣት ያረፈበት ሁሉ ይዞት ይነሳል። ማቅለሚያውን ለማግኘት ነጻ ሆኖ መቀመጥ ስላለበት ለማተም የሚያስፈልገው ጠባዩ ራሱ ወደ እጅ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

ስንነካው ምን ያህሉ ወደ እጃችን ያልፋል?

በስዊዘርላንድ ዙሪክ የምግብ ቁጥጥር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 13 ቴርማል ወረቀቶችን መርምረው በ11ዱ ቢፒኤ አግኝተዋል። መጠኑ በአንድ ኪሎ ወረቀት ከ8 እስከ 17 ግራም ነበር። አንድ ግራም ገደማ የሚመዝን ደረሰኝ ላይ ከ8,000 እስከ 17,000 ማይክሮግራም ይገኛል ማለት ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ደረሰኙን ለ5 ሴኮንድ በደረቅ ጣት ሲይዙት ወደ ጣቶቹ ያለፈው አንድ ማይክሮግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እርጥብ ወይም በጣም ቅባት የነካው ሲሆን ግን አሥር እጥፍ ገደማ አለፈ። ከ5 ሴኮንድ በላይ ይዞ መቆየት ብዙ ለውጥ አላመጣም። ወሳኙ ምን ያህል ጊዜ ይዘነው እንደቆየን ሳይሆን እጃችን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለና ስንት ጊዜ እንደነካን ነው።

ጣት ላይ መቅረቱ ሰውነት ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ይህን ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ሙከራ ወጥቷል። 24 ፈቃደኞች ያለ ጓንት ለ2 ሰዓት ደረሰኝ ሲያገላብጡ ቆዩ። ከሙከራው በፊት ከ24ቱ የ20ዎቹ ሽንት ቢፒኤ ነበረበት፤ ከምግብና ከሌላም የሚመጣ ስለሆነ አያስገርምም። ከሙከራው በኋላ ሁሉም ላይ ተገኘ፣ አማካዩም በአንድ ሊትር ሽንት ከ1.8 ወደ 5.8 ማይክሮግራም ከፍ አለ። በጓንት ሲደገም ግን ይህን ያህል ጭማሪ አልታየም። የጨመረው በቆዳ በኩል ለመግባቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

በዚያው ዓመት የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእጅ ሳኒታይዘርን ጨምረው ሞከሩት። ሰዎቹ እጃቸውን በሳኒታይዘር አርሰው ሳይደርቅ ደረሰኝ ያዙ፣ ከዚያም በዚያው እጃቸው የተጠበሰ ድንች በሉ። ቢፒኤው በደማቸውም በሽንታቸውም በፍጥነት ጨመረ። ሳኒታይዘርና ብዙ የእጅ ሎሽኖች ቆዳን ይበልጥ አሳላፊ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ከደረቀ ቆዳ ይልቅ የራሰ ቆዳ ቢፒኤን ይስባል፣ ቀሪው ደግሞ ከምግቡ ጋር ወደ አፍ ይገባል።

በቆዳ ሲገባና በምግብ ሲገባ ልዩነት አለው?

አለው። ከምግብ ጋር የተዋጠ ቢፒኤ ከአንጀት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ጉበት አብዛኛውን ሆርሞን መምሰል ወደማይችል መልክ ለውጦ በሽንት ያስወግደዋል። በቆዳ የገባው ግን ይህን የመጀመሪያ ኬላ ሳያልፍ ደም ውስጥ ይገባል።

የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት አነስተኛ ጥናት ስድስት ወንዶች ለ5 ደቂቃ ደረሰኝ እንዲነኩ፣ እጃቸውንም ለ2 ሰዓት ሳይታጠቡ እንዲቆዩ አደረጉ። በምግብ የተሰጣቸው በአንድ ቀን ውስጥ ከሰውነታቸው ወጣ። በቆዳ የገባው ግን ለሁለት ቀን እየጨመረ ሄዶ በግማሾቹ ላይ ከሳምንት በኋላም ሽንታቸው ውስጥ ይታይ ነበር። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ይህን ለሁሉም ሰው ማጠቃለል አይቻልም። ሆኖም ቆዳ ኬሚካሉን ይዞ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ ይጠቁማል።

ታዲያ ይህ መጠን ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?

አለመግባባቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በጥሞና ማየት ይገባል። መልሱ በየትኛው መለኪያ እንደምንለካው ይወሰናል፣ መለኪያው ደግሞ በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ ተቀያይሯል።

ተቆጣጣሪ ተቋማት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚሉትን ጣሪያ ያስቀምጣሉ፣ በሰውነት ክብደትም ያሰሉታል። የዙሪኩ ጥናት ሲወጣ የቢፒኤ ጣሪያ በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 50 ማይክሮግራም ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3,000 ማይክሮግራም ይሆናል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 4 ማይክሮግራም አወረደው። በ2023 ደግሞ ከዚያም 20,000 ጊዜ አሳንሶ 0.2 ናኖግራም አደረገው። ናኖግራም የማይክሮግራም አንድ ሺህኛ ነው። ለዚህ የዳረገው በአይጦች ላይ የታየው በሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም በስሌቱ አልተስማማም፤ የራሱን ጣሪያ 0.2 ማይክሮግራም አደረገ፣ ይህም ከአውሮፓው ሺህ ጊዜ የላላ ነው። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲም የተቃውሞ አስተያየት ሰጥቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ አንድ ሰው እጅ እናምጣቸው። የዙሪክ ተመራማሪዎች በቀን ለ10 ሰዓት ደጋግሞ ቴርማል ወረቀት የሚነካ ሰው በቀን እስከ 71 ማይክሮግራም ሊገባበት እንደሚችል ገምተው ነበር። በዚያን ጊዜው መለኪያ ይህ ከጣሪያው 42 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ጥናቱ ያን ያህል አላስደነገጠም። ያንኑ 71 ማይክሮግራም አሁን በጀርመኑ መለኪያ ብናስቀምጠው 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 12 ማይክሮግራም ስለሆነ ስድስት እጥፍ ገደማ ያልፈዋል። በአውሮፓው የ2023 መለኪያ ደግሞ ስድስት ሺህ እጥፍ ገደማ። ጣቶቹም፣ ወረቀቱም፣ ሥራውም አልተለወጡም። የተለወጠው ሳይንሱ ስለ ጉዳቱ ያወቀው ነገርና እሱን የሚመዝንበት መንገድ ነው። «ደህና ነው» የሚልም «መርዝ ነው» የሚልም ጽሑፍ ስታነቡ የትኛውን ጣሪያ ይዞ እንደሚናገር ጠይቁ።

በእኔ ግምት በእነዚህ ተቋማት መካከል ያለው ክርክር ነገ የሚያበቃ አይደለም። ይሁን እንጂ እጅግ የላላው የቀድሞ ጣሪያ ትክክል ነው ብሎ የሚከራከር ተቋም በአውሮፓ የለም፤ ሁሉም ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አልሄደም።

በቀን አንድ ሁለት ደረሰኝ የምቀበል ሰው ልፈራ ይገባል?

አይገባም። በደረቅ እጅ ለጥቂት ሴኮንድ ተይዞ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ከምግብ ከምናገኘው ጋር ሲወዳደር ድርሻው ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ የአደጋ ገምጋሚ ኮሚቴም የሸማቾች አደጋ በቁጥጥር ሥር ያለ ነው ብሎ ደምድሟል። በጥርስ ነክሶ መያዝ፣ ሕፃን እንዲጫወትበት መስጠት፣ ላብ ባለው እጅ ጨብጦ መሄድ ግን መተው ያለባቸው ልማዶች ናቸው። ሕፃን የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ኪሎውም ጥቂት ስለሆነ ያው መጠን እሱ ላይ ይበዛል።

ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚቀድ ሰውስ?

ያው ኮሚቴ ስለ ገንዘብ ተቀባዮች የደረሰበት ድምዳሜ ሌላ ነበር። በተለይ ነፍሰ ጡር ገንዘብ ተቀባዮች የተሸከሙት ፅንስ ላይ ያለው አደጋ በቁጥጥር ሥር አይደለም አለ። ጉዳዩን ያቀረበችው ፈረንሳይ ናት። የአገሪቱ የጤናና የምግብ ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ነፍሰ ጡር እናቶች ቴርማል ወረቀት መነካካታቸው አሳሳቢ መሆኑን ጽፎ ነበር፣ በ2014 ደግሞ ፈረንሳይ ለመላው አውሮፓ ኅብረት የሚሆን እገዳ እንዲወጣ ጠየቀች። በዚያው አገር በሠራተኞች ላይ በተደረገ ልኬት ገንዘብ ተቀባዮች ሽንት ውስጥ ያለው ቢፒኤ ደረሰኝ ከማይነኩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

የኅብረቱ የኢኮኖሚ ገምጋሚዎች ወጪና ጥቅሙን ሲያሰሉ እገዳው ከሚያስገኘው ጥቅም ወጪው ሳይበልጥ አይቀርም ብለው ነበር። ሆኖም ሸክሙ የሚያርፈው አነስተኛ ቁጥር ባላቸው ሠራተኞች ላይ መሆኑን፣ ወጪው በሁሉም ሸማች ላይ ሲከፋፈል ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አነሱ። በመጨረሻም እገዳው ጸደቀ። ከጥር 2 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክብደቱ 0.02 በመቶና ከዚያ በላይ ቢፒኤ ያለበት ቴርማል ወረቀት በኅብረቱ ገበያ መሸጥ አይቻልም። ጥቂቶች በጤናቸው ከሚከፍሉ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ቢከፍል ይሻላል የሚለው ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የገንዘብ ተቀባይን ሥራ በቅርብ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ወረቀቱን የሚቀደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሮ ነው፤ የሚቆነጥረውም የተቀባውን ገጽ ነው። ሮል ሲያልቅ አዲሱን ሙሉ በሙሉ በእጁ ይዞ ይከትታል። በየመሀሉ ሳኒታይዘር ይቀባል፣ ምሳውንም ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገብ ይበላል። ሙከራዎቹ ጭማሪ ያመጣሉ ያሏቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ሰው የሥራ ቀን ውስጥ ይገናኛሉ።

«ከቢፒኤ ነጻ» የሚል ከተጻፈበት ችግሩ ተፈቷል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቢፒኤ ሲወጣ ቦታው ባዶ አልቀረም፤ ወረቀቱ ያለ ቀለም አውጪ አይሠራማ። ብዙ አምራቾች የተኩት በቢስፌኖል ኤስ፣ በአጭሩ ቢፒኤስ፣ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሚገኘው ወረቀት አምራች አፕልተን ገና እ.ኤ.አ. በ2006 ቢፒኤን ትቶ ወደ ቢፒኤስ ዞሯል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ኤስትሮጅንን ይመስላሉ፣ ሁለቱም ከወረቀቱ ጋር ሳይጣበቁ ነጻ ሆነው ይቀመጣሉ።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ቢፒኤን ሊተኩ የሚችሉ 19 ኬሚካሎችን ገምግሞ ከሁሉም አቅጣጫ ደህና ነው የሚባል አንድም አላገኘም። አውሮፓ ቢፒኤን ስታግድ ቢፒኤስን አልነካችም፤ ስለዚህ የቢፒኤስ ወረቀት ገበያውን ሞላው። የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ በጥር 2023 ቢፒኤስንም ለመውለድ ችሎታ ጎጂና የሆርሞን አዋኪ ብሎ ከፍተኛ አሳሳቢ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት መጨረሻ በመራቢያ ጤና ጎጂነት መዘገበችው።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ስዊዘርላንድ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቴርማል ወረቀት ሁለቱንም አንድ ላይ አገደች። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ አንዱን ከሌላው ሳትለይ ቢስፌኖሎችን በሙሉ ከቴርማል ወረቀት አስወጥታለች። አንዱን ስም ብቻ እየነቀሱ ማገድ ወንድሙን ያስገባል፤ ቤተሰቡን በሙሉ መመልከት ግን ያንን በር ይዘጋል።

ስለዚህ ጥቅሉ ላይ «ከቢፒኤ ነጻ» የሚል ጽሑፍ ማንበብ በቂ አይደለም። የሚፈለገው «ከፌኖል ነጻ» ወይም «ከቢስፌኖል ነጻ» የሚል ነው። ፌኖል እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት የኬሚካል አካል ነው።

ያለ ቢስፌኖል መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ እየተሠራም ነው። ፐርጋፋስት 201 የሚባል ከቢስፌኖል ቤተሰብ ውጭ የሆነ ቀለም አውጪ በብዙ ወረቀቶች ላይ አለ፤ ለውኃ ውስጥ ፍጥረታት ግን ጎጂ ስለሆነ እንከን የለሽ አይደለም። ቫይታሚን ሲን ቀለም አውጪ ያደረጉ ወረቀቶችም ወጥተዋል።

ከሁሉም የሚለየው የጀርመኑ ኮኽለር ፋብሪካ የሚያመርተው ብሉፎረስት የተባለው ወረቀት ነው። ቀለም አውጪ ኬሚካል ጨርሶ የለውም። ጥቁር ንብርብር ከታች አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ደቃቅ ባዶ ክፍተቶች ያሉት ግርዶሽ ተሸፍኗል። ሙቀት ሲነካው ክፍተቶቹ ይፈርሳሉ፣ ግርዶሹ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ይታያል። መልኩ ሰማያዊነት ስላለው ከሌላው ወረቀት በዓይን ይለያል።

ወረቀቱን ጨርሶ መተውም አንድ መንገድ ነው። በፈረንሳይ ከነሐሴ 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደረሰኝ የሚታተመው ሸማቹ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

የያዝኩት ወረቀት ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ቴርማል መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ያልታተመበትን ቦታ በጥፍር ጠንከር አድርጋችሁ ጫሩት። ሰበቃው በሚፈጥረው ሙቀት ግራጫ ወይም ጥቁር መስመር ከወጣ ቴርማል ነው። በየትኛው ገጽ ላይ መስመሩ እንደሚወጣ ስታዩ ደግሞ የተቀባው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ውስጡ ቢፒኤ ይኑር ቢፒኤስ ወይም ሌላ ግን በዓይንም በጥፍርም አይለይም፤ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ማወቅ የሚችለው ሮሉን የሚገዛው የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ከአቅራቢው የጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል።

ገንዘብ ተቀባይ ከሆንኩ ምን ላድርግ?

ከሁሉ የሚበልጠው እጅ በደረሰኝና በምግብ መካከል በሳሙናና በውኃ መታጠቡ ነው። ሳኒታይዘር ማጠቢያ አይደለም፤ ኬሚካሉን አያስወግደውም፣ ይልቁንም ቆዳው ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል። ጀርምን ለመከላከል የግድ ካስፈለገ እጅ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቆ ነው ደረሰኝ መንካት። ሎሽንም ሥራ ከመጀመር በፊት ሳይሆን ከሥራ በኋላ፣ እጅ ከታጠበ ወዲያ ቢቀባ ይመረጣል። ጓንት ከተገኘ የኒትራይል (የሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ጥሩ ነው፤ ግን ተቀዶ ወይም ውስጡ ላብ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ጥቅሙ ይቀንሳል። ደረሰኙን ያልታተመበትን ገጽ ወይም ጠርዙን ይዞ መቅደድ፣ ሲሰጡም የታተመበትን ወደ ውስጥ አጥፎ መስጠት ወጪ የሌለው ልማድ ነው።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ለአለቃዋ ጓንት ወይም ለጊዜው ሌላ የሥራ ቦታ ብትጠይቅ ቅንጦት አይደለም፤ የአውሮፓው እገዳ የወጣው እሷን ታሳቢ አድርጎ ነው። የበለጠው ኃላፊነት ግን የእሷ አይደለም። ከፌኖል ነጻ የሆነ ሮል መግዛት የአሠሪው ፋንታ ነው፤ በአንድ ውሳኔ የሁሉንም ሠራተኞች እጅ ያሳርፋል።

የተጣለው ደረሰኝ የት ይደርሳል?

ደረሰኝ ከሌላ ወረቀት ጋር ለመልሶ መጠቀም ሲሄድ ቢስፌኖሉም አብሮ ይሄዳል፤ ከታደሰ ወረቀት በተሠሩ የመጸዳጃ ወረቀቶችና ካርቶኖች ውስጥ መገኘቱም ለዚህ ነው። ቦርሳ ውስጥ ከብር ጋር ተደራርቦ ሲቀመጥም ወደ ብሩ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ከ21 አገሮች በተሰበሰቡ የወረቀት ገንዘቦች ላይ ቢፒኤ ተገኝቷል። ስለዚህ ደረሰኝ የሚጣለው ከተራ ቆሻሻ ጋር እንጂ ለመልሶ መጠቀም ከሚለይ ወረቀት ጋር አይደለም፤ የሚቀመጠውም ከገንዘብ ተለይቶ ነው።

ለሒሳብ ወይም ለዋስትና መቆየት ያለበትን ደግሞ ፎቶ ማንሳት ወይም በተራ ወረቀት ኮፒ ማድረግ ይበጃል። ቴርማል ወረቀት በብርሃን፣ በሙቀትና በቅባት ይደበዝዛል። በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ሲቀመጥም ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመሩት ኬሚካሎች ጽሑፉን ያጠፉታል፤ በሚፈለግበት ቀን ሲወጣ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።